በሮዳ ቤት ልጅ አያለቅስም

«የአክስትሽ ቤት ልጆች ግን የተባረኩ ናቸው፤ ግድግዳ ተጋርተን እየኖርን አንድ ቀን ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም» አለች ጎመን ሻጯ፣ ጎመኑን እንደ ክር አቅጥና መክተፏን ሳታቋርጥ። ምስጋና ይሁን ሽሙጥ፣ ናሊያካ መለየት አቃታት። ሴትዮዋ ቀና አላለችም፤ ቢላዋው ብቻ ይመላለሳል። ሙኩሩ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ቤት በቆርቆሮ ቤት ላይ ተደግፎ በቆመበት በዚህ ጠባብ መተላለፊያ፣ የአንዱ ሳል ሦስት ቤት ተሻግሮ ይሰማል። ማታ ባልና ሚስት በሹክሹክታ የተነታረኩበትን ነገር ጠዋት የውኃ ወረፋው በሙሉ ያውቀዋል። ታዲያ ዘጠኝ አሥር ሕፃናት ከሚውሉበት ቤት ድምፅ የማይወጣው እንዴት ነው? ናሊያካ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ይህ ጥያቄ መጥቶባት አያውቅም። ከትውልድ አገሯ ከቡንጎማ ከመጣች ገና ጥቂት ወራት ነው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፤ ማታ ስትገባ ደግሞ ልጆቹ ነቅተው፣ እናቶቻቸውን እየጠበቁ ነው የምታገኛቸው።

አሁን ግን ገና ረፋድ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት ከሰፈሩ ጫፍ ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነበረች፤ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር የሕፃናት ጤና በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ትሠለጥናለች። ደመወዝ የለውም። ቀትር ላይ ሻይና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ በመጨረሻ ደግሞ ቢጫ ካናቴራና የምስክር ወረቀት አለው። ጤና ጣቢያው ረዳት ሲፈልግ ከሠለጠኑት መሀል ነው የሚወስደው ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ናሊያካ ከሕፃናቱ ጤና እኩል ይህችን ወሬ ይዛ ነው የተመዘገበችው። ሥልጠናው ነገ ያልቃል። ዛሬ የልምምድ ቀን ስለሆነ፣ አሠልጣኛቸው፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዋምቡራ፣ ጠዋት አዳራሹ ላይ ሰብስባ እያንዳንዱ ወደ መንደሩ ሄዶ የልጆችን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ እየለካ፣ እናቶችን እያነጋገረ እንዲውል አሰማርታቸዋለች። ናሊያካ ከአክስቷ ከሮዳ ቤት ልጀምር ስትል በልቧ ክፉ ነገር አልነበረም። የማያባርራት ቤት እሱ ብቻ መስሏት ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ በሌላ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከወዲያ የሮዳና የናሊያካ አልጋ፣ ከወዲህ የሕፃናቱ ማዋያ። መሬቱ ላይ ላስቲክ የለበሱ ሁለት ፍራሾች ተገጥመው ተነጥፈዋል፤ ሕፃናቱም ከሐይቅ እንደወጣ የገበያ ዓሣ በላያቸው ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። አንዷ መስኮት በካርቶን ተደፍናለች። ጣሪያው መጋል ጀምሯል፤ የአጥሚቱና የሽንቱ ሽታ ከከሰሉ ጋር ተቀላቅሎ አየሩን አወፍሮታል። ከምድጃው በላይ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ሮዳ ስኳሯንና ሻይ ቅጠሏን የምትቆልፍበት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ግድግዳው ላይ ተቸንክሯል። ሮዳ ራሷ የለችም። ጀሪካኖቹም ስለሌሉ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች ማለት ነው። ዘጠኝ ሕፃን ብቻቸውን ትቶ ውኃ ወረፋ መሄድ እንዴት እንደተቻላት ናሊያካ ቆማ አሰበች። የሚነቃ እንደሌለ የምታውቅ ሴት ናት እንዲህ የምትሄደው።

ሮዳ ለአንድ ልጅ በቀን ሃምሳ ሽልንግ ታስከፍላለች፤ አጥሚት ከጨመረች ሰባ። ከዋናው መንገድ ማዶ ግቢ ያለውና ሦስት ሞግዚቶች የሚሠሩበት ማዋያ አለ፤ እዚያ ግን ሁለት መቶ ነው፣ ያውም የወሩ በቅድሚያ ተከፍሎ። በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆማ አምስት መቶ ሽልንግ ይዛ የምትገባ ሴት፣ የቤት ኪራይና የዱቄት አንስታ፣ ማዶውን ከሩቅ ታየዋለች እንጂ አትሻገርም። ስለዚህ ንጋት ላይ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ሮዳ ይመጣሉ፤ በጨለማው ተረካክበው፣ ሁለት ቃል እንኳ ሳይለዋወጡ፣ ወደ ሰርቪስ ይሮጣሉ።

ናሊያካ ከዳር በተኛችው አጠገብ ተንበረከከች። ምዌንዴ ናት፣ የካቩታ ልጅ፤ ዓመት ያለፋት፣ ጉንጫም፣ ማታ ማታ የናሊያካን ጉትቻ ካልጎተትኩ የምትል። ሲስተር ዋምቡራ ትናንት ያለችው ትዝ አላት። «የተኛ ልጅ ካገኛችሁ ቀስቅሱት። ጤነኛ ልጅ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት ይቆጣል፤ ይሰድባችኋል፤ ቋንቋ ስለሌለው በለቅሶ ነው የሚሰድበው። የማይሰድባችሁን ልጅ ግን ፍሩት» ስትል አዳራሹ ሁሉ ስቆ ነበር። ናሊያካ የምዌንዴን ውስጥ እግር በጣቷ አሸት አደረገች። ቀጥላ ትከሻዋን ነቀነቀቻት። የሕፃኗ ዓይን ግማሽ ተገለጠ፤ ናሊያካን ሳያይ፣ በላይዋ አልፎ ጣሪያውን ዳሰሰና ተመልሶ ተከደነ። አጠገቧ ያለው ወንድ ልጅ ሲነኩት አጉረምርሞ ዞረ። ሦስተኛዋ እጇን ቢያነሱላት እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሮዳ በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ውኃው ሳይፈስ በቀስታ አስቀመጠችው፤ ዓይኗ ግን ከናሊያካ እጅ ላይ አልተነሳም።

«ክንዳቸውን ልለካ ነው አክስቴ። ልምምድ ነው፣ ዛሬ በየመንደራችን ሂዱ ብለውን።»

«ተኝተው አይለካም?»

«ይለካል።»

«እንግዲያው ለኪና ውጪ። ልጅ መቀስቀስ ደግሞ ከየት የመጣ ትምህርት ነው?»

ናሊያካ ጥብጣቡን አወጣች። በየክንዱ እየጠመጠመች ቀለሙን ታያለች፤ የብዙዎቹ አረንጓዴው ላይ፣ የሁለቱ ምግብ እያነሰው መክሳት የጀመረን ልጅ በሚያሳየው ቢጫው ላይ አረፈ። ሮዳ ሥራዋን ትታ እንደ ሱቅ ጠባቂ በላይዋ ቆማለች። ክፉ ሴት አይደለችም ሮዳ። የወንድሟን ልጅ አስጠግታ አልጋዋን አካፍላለች፤ ዓሣ የተገዛ ቀን ሥጋ ያለበትን ወገን ለናሊያካ ገፋ አድርጋ ጭንቅላቱን ለራሷ ታስቀራለች። አሁን ግን የምታያት እንደ ባዳ ነው።

«ይሄ ቢጫ ምናምን ለማን ነው የሚነገረው?» አለች በመጨረሻ።

«ለእናቶቻቸው።»

«ለእናቶቻቸው ብቻ?» ሮዳ ከንፈሯን መጠጠች። «አምና እኮ ከጀርባችን ያለው መተላለፊያ ውስጥ አንዲት ልጅ፣ ልክ እንዳንቺ ያለች ለስላሳ፣ እጅ መታጠብ አስተምራለሁ ብላ ሳሙና ይዛ እንደኔ ልጅ የምትይዝ ሴት ቤት ገባች። በሳምንቱ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡና ቤቱን አሸጉት። ሴትዮዋ ዛሬ ከሰል ትለቅማለች። ሳሙናው ግን ጥሩ ነበር አሉ።»

ናሊያካ የመጨረሻውን ክንድ ለክታ ተነሳችና፣ እንደ ዋዛ ለማስመሰል እየሞከረች «በዚህ ሰዓት ሁሉም በአንዴ እንዴት ተኙ አክስቴ?» አለች።

«በልተው ነዋ። የጠገበ ልጅ ይተኛል። ይህን አላስተማሩሽም?»

ናሊያካ ሳታስበው ቀና ብላ የእንጨት ሣጥኑን አየች። ሮዳ ስታይ አየቻት፤ ፊቷም ጠቆረ። ሮዳ ጎንበስ ብላ ውኃውን ወደ በርሜሉ መገልበጥ ጀመረች፤ ናሊያካም ጥብጣቧን ጠቅልላ ወጣች። ጎመን ሻጯ አሁንም ትከትፋለች፤ ስታልፍ ግን ቢላዋው ለአፍታ ቆመ።

የቀረው ረፋድ በር በማንኳኳት አለፈ። አንዷ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታት የለንም አለች። ሌላዋ ልጇን በቀሚሷ ጋርዳ ከየትኛው ፓርቲ እንደተላከች ጠየቀቻት። ከመጸዳጃው አጠገብ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶች ጠሯት፤ «ስንት ይከፍሉሻል?» ሲላት አንዱ «ምንም» አለች። «በነፃ የሰው ክንድ የሚለካ ሰው አይተን አናውቅም፤ እኛ የምናውቀው ለሬሳ ሣጥን ሲለካ ነው» አለና ሁሉም ሳቁባት። ናሊያካ ፊቷ እየጋለ አለፈቻቸው። ሰዎቹ ግን ስለ እሷ የጠረጠሩትን ያህል እሷም ስለ አክስቷ እየጠረጠረች እንደሆነ አልጠፋትም።

መተላለፊያው ሲያልቅ አንዲት ወጣት እናት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷን ፀጉር ትሠራለች። ልጇ፣ ሁለት ዓመት የሚሆነው ጉልበታም፣ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ማበጠሪያውን ይነጥቃል፣ ይጮኻል። ናሊያካ ለየችው፤ ማታ ማታ ሮዳ ቤት ጥግ ላይ ፈዞ ተቀምጦ የምታየው ልጅ ነው። ሲጫወት ግን አይታው አታውቅም።

«ዛሬ ፋብሪካው ስላልጠራኝ እሱም አብሮኝ ዋለ» አለች እናትየው እየሳቀች። «እይው እንግዲህ፤ ይሄ ነው ጠባዩ። አክስትሽ ደግሞ አልቃሻ አትወድም። 'ነገም እንዲህ የሚጮህ ከሆነ እንዳታመጪው' አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። ምን ላድርግ? ሥራ ባለኝ ጠዋት ትንሽ የጉንፋን ሽሮፕ አቀምሰዋለሁ። ሁላችንም እኮ ነን። አደራሽን ለእሷ እንዳትነግሪብኝ፤ ካወቀች ታባርረናለች።»

ናሊያካ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። እናቶቹ ናቸው! አክስቷን ከንቱ ጠርጥራለች። ጥቂት እንደተራመደች፣ ማታ እንዴት አድርጋ ይቅርታ እንደምትጠይቅ እንኳ ማሰላሰል ጀምራ ነበር። ከዚያ እግሯ ቀጥ አለ። እሷ የእንጨት ሣጥኑን ስታይ የሮዳ ፊት እንዴት እንደጠቆረ ትዝ አላት። እናቶቹ ጠዋት ከሮዳ ደብቀው ይሰጣሉ። ሮዳስ? ሮዳም ከእናቶቹ ደብቃ የምትሰጥ ከሆነስ? አንዱ ወገን ሌላው ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ በመሀል ያለችው አንድ ሕፃን ናት። ናሊያካ ዞራ መሮጥ ጀመረች። ካርታ ተጫዋቾቹ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አልሰማችም።

ምዌንዴ እንደተወቻት ነበረች። ትንፋሿ ይመጣል፣ ይቆያል፣ እንደገና ይመጣል፤ ከንፈሯ ዙሪያው አመድ መስሏል። ናሊያካ ከፍራሹ ላይ አነሳቻት።

«አስቀምጪያት!» ሮዳ ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ መውጫውን ዘጋች። «የት ልትወስጃት ነው? እናቷ ስትመጣ ምን እላለሁ?»

«ጤና ጣቢያ። እያት አክስቴ። እያት እስቲ!»

«ያንን ሳሙናሽን ይዘሽ…» ብላ ጀመረችና፣ የሕፃኗ አንገት በናሊያካ ክንድ ላይ ወደ ኋላ ሲወድቅ አየች። ማማሰያው ዝቅ አለ። ከበሩ ላይ ዘወር አለችላት። ናሊያካ ሩጫ ላይ ሆና ከኋላዋ «እባክሽ እነዚህን እይልኝ» ሲባል ሰማች፤ ሮዳ ጎመን ሻጯን እየለመነች ነበር። ወዲያው የሮዳ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ እያለ ተከተላት።

ካቩታ ስልኳን በካልሲዋ ውስጥ ደብቃ ነው ፋብሪካ የምትገባው፤ ሲያዩባት ይቀጧታል። ናሊያካ እየሮጠች ሁለቴ ደወለች፤ በሁለተኛው ካቩታ በሹክሹክታ «ማነው?» አለች። «ምዌንዴን ጤና ጣቢያ እየወሰድናት ነው፤ ነይ» ስትላት ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ትንሽ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

ሲስተር ዋምቡራ ከሰዓት ተረኛ ነበረች። ሕፃኗን ከናሊያካ ክንድ ተቀብላ በጎኗ አስተኛቻት፤ የዓይኗን ብሌን በመብራት አየች፣ ደረቷ ላይ ማዳመጫ አኖረች፣ ኦክስጅን አስመጥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት። ይህን ሁሉ ስታደርግ አልተጣደፈችም። ከዚያ ወደ ሮዳ ዞረች።

«ምን ወሰደች?»

«ምንም» አለች ሮዳ። «አጥሚት።»

«መድኃኒት፣ ሽሮፕ፣ የባህል ነገር፣ ምንም?»

«አጥሚት አልኩ እኮ።»

ካቩታ የፋብሪካ ሽርጧን ሳታወልቅ ደረሰች፤ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ልጇን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ ቀጥሎ ሮዳን አየች። እስከ ዛሬ ድረስ «እትዬ ሮዳ፣ እርስዎ» ስትል የኖረችው ሴት በአንድ እርምጃ ፊቷ ላይ ደረሰች።

«ምን አደረግሻት?»

«እኔ ነኝ ያደረግኳት? በጠዋት እንዲህ አንገቷ ወድቆ አይደለም እንዴ ያመጣሽልኝ?»

«ተኝታ ነበር! ጨለማ ነበር!»

«ዝም በሉ» አለች ሲስተር ዋምቡራ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እናት፣ አንቺስ ጠዋት የሰጠሻት ነገር አለ?»

«የለም» አለች ካቩታ። ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር።

«እሺ። እንግዲህ ስሙኝ። የተመረዘች ልጅ አለችኝ፤ በምን እንደተመረዘች፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ የሚነግረኝ የለም። የትንፋሽ ማሽን ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ልላካት ወይስ እዚህ ልጠብቃት፣ ይህን ካላወቅኩ በጭፍን ነው የምሠራው።»

ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ቀድማ የተናገረችው ጥፋተኛ ናት፤ ዝም ያለችው ትተርፋለች። ናሊያካ የሁለቱንም ፊት አየችና፣ ማንም ቀድሞ እንደማይናገር ገባት። ካቩታን እንዳትከስ፣ ያቺ ፀጉር ሠሪ የነገረቻት የራሷን እንጂ የካቩታን አይደለም። ስለ አክስቷ ደግሞ ያላት ነገር አንድ የተቆለፈ ሣጥንና አንድ አስተያየት ብቻ ነው። የምትናገረውን ሳትመዝን ተናገረች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች። «አክስቴ ስትሰጣት አይቻለሁ።»

ሮዳ ቀስ ብላ ዞረች። በዚያ ፊት ላይ ቁጣ ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር ናሊያካ፤ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። ሮዳ የምታያት፣ ከደጃፏ አንስታ ያሳደገችው ውሻ ሲነክሳት እንደምታይ ሰው ነበር። ናሊያካ ምንም እንዳላየች ታውቃለች፤ ልጆቹ ጠዋት ሲመገቡ እሷ አዳራሽ ነበረች። ሮዳ «ውሸት ነው» ብትል ማንም አያስተባብላትም ነበር። ክፍሉ ውስጥ የኦክስጅኑ ፉጨት ብቻ ይሰማል።

«አንድ የሻይ ማንኪያ» አለች ሮዳ። «ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአጥሚቱ በኋላ። የጉንፋኑን፣ የሚያስተኛውን። ለሁሉም እሰጣለሁ፤ ግን አንድ ማንኪያ ነው፣ ሁልጊዜም አንድ ነው። አንድ ማንኪያ እንዲህ አያደርግም።» ከዚያ ወደ ካቩታ ዞራ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ «አንድ ማንኪያ እንዲህ አያደርግም» አለች እንደገና።

ካቩታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ጥርስ እያበቀለች ነው» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። እንዲህ እያለቀሰች ባመጣት አይቀበሉኝም ብዬ… ያንኑ ነው። ሌሊት አንድ ማንኪያ፣ ልወጣ ስል ደግሞ አንድ። እኔ እኮ እርስዎ እንደሚሰጡ አላወቅኩም። ማን ነገረኝ?»

ሲስተር ዋምቡራ ሁለቱንም አልተቆጣችም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም ጠየቀቻቸው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ተናገሩ። ደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ ሰካች፣ ለአምቡላንስ ደውላ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ አለች፣ ከዚያም ከሕፃኗ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጠበቅ ሆነ። ሮዳ ከአግዳሚው በአንዱ ጫፍ፣ ካቩታ በሌላው፣ ናሊያካ ቆማ። ማንም ማንንም አላየም። ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። ምሽቱ ሲቃረብ ምዌንዴ እጇን አንቀሳቀሰች፤ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ቱቦ ያዘች፣ ጎተተች፣ ሲመልሱባት ፊቷን አጨማደደችና በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች። «ተሳደቢ እናቴ፣ ተሳደቢ» አለች ሲስተር ዋምቡራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ትከሻዋ ዝቅ አለ።

ሮዳ ልትወጣ ስትነሳ ሲስተሯ በሩ ላይ አገኘቻት። «እናቴ፣ ሰኞ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ እያንዳንዷ እናት ማወቅ አለባት። ከእርስዎ አፍ ካልሰሙት ከእኔ ይሰሙታል።» ለናሊያካ ደግሞ «ነገ ምርቃቱ ላይ እንዳትቀሪ፤ እንግዶች ይመጣሉ» አለቻት። ናሊያካ ራሷን ነቀነቀች።

አክስትና የወንድም ልጅ ተከታትለው ተመለሱ። መንገዱ ላይ የተጠበሰ በቆሎ፣ የሞተር ብስክሌት ጭስ፣ ከፋብሪካ የሚመለስ ሕዝብ። የቆሻሻ ውኃው ቦይ ላይ የተጋደመችውን ሳንቃ ሲሻገሩ ሮዳ ሳትዞር ተናገረች።

«አላየሽም።»

«አላየሁም» አለች ናሊያካ።

«እንግዲያስ ወደፊት በፊትሽ ውኃ ለመጠጣትም እፈራለሁ ማለት ነው።»

ናሊያካ የምትለው ነበራት፤ ባልዋሽ ኖሮ ምዌንዴ ምን ትሆን ነበር ልትል ፈለገች። ግን የአክስቷን ጀርባ እያየች ተከተለቻት። እውነቱን የተናገረችው ሮዳ ናት፤ የዋሸችው እሷ ናት። ይህ እንዴት እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ቤት ሲደርሱ ስምንቱ ልጆች ነቅተው የጎመን ሻጯን ቅርጫት ገልብጠው ነበር። ሮዳ ሴትዮዋን አመስግና አሰናበተቻት፤ ሴትዮዋ ግን ከደጃፉ አልራቀችም። እናቶቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ሮዳ ፊቷን ሳትታጠብ፣ መቀነቷን ሳታጠብቅ በሩ ላይ ቆመች። ለመጀመሪያዋ ስትናገር ድምፅዋ አልወጣም፤ ደገመችው። «ልጅሽን በየቀኑ የሚያስተኛ ሽሮፕ ሳጠጣው ነው የኖርኩት። አንቺም ጠዋት የምታጠጪው ነገር ካለ ንገሪኝ። የካቩታ ልጅ ዛሬ ልትሞት ነበር።» አንዷ ልጇን ነጥቃ፣ ደጃፉ ላይ ምራቋን ተፍታ ሄደች። አንዷ ቆማ አለቀሰች። ሌላዋ «እኔ በልጄ አፍ ውስጥ ምንም ነገር ጨምሬ አላውቅም!» ብላ ስትምል እጇ የቦርሳዋን አፍ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር። አንዷ ግን፣ ቀጭኗ፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አውቅ ነበር» አለች። «ሃምሳ ሽልንግ ከፍዬ ሌላ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።» ልጇን አዝላ ስትወጣ «ነገ ክፍት ናችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሮዳ የእንጨት ሣጥኑን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣችና ቦዩ ውስጥ ደፍታው ተመለሰች፤ ለናሊያካ ለማሳየት ብላ አልነበረም፤ ናሊያካን አላየቻትም እንኳ። ኡጋሊ፣ የበቆሎ ዱቄት ገንፎውን፣ አገነፋች። ለሁለት ቆርሳ፣ ጎመኑን ከጎኑ አድርጋ፣ የናሊያካን ሳህን መሬት ላይ ገፋ አደረገችላት። ቢቀመጡም ማንም አልበላም።

«አሁን ደስ አለሽ?»

ናሊያካ ሳህኗን በጣቷ ጫፍ አዞረች።

«እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ያስተምሯችኋል አይደል? ክንድ መለካት፣ እጅ መታጠብ፣ ስኳርና ጨው መበጥበጥ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንዲት ሴት ብቻዋን ዘጠኝ ልጅ ይዛ፣ አንዱ ሲያራ አንዱ ሲያስመልስ፣ ውኃው ደግሞ ወረፋ ሆኖ፣ ምን ታድርግ ብለው አስተማሯችሁ? እውነቴን ነው፤ ለመጣላት አይደለም። ምን አሉ?»

ናሊያካ አሰበች። ሁለቱን ሳምንት በሙሉ፣ ሥዕሎቹን፣ ድራማውን፣ የሲስተርን ቀልድ ሁሉ በሐሳቧ ዞረች። «ምንም አላሉም» አለች።

መጋረጃው ተነቃነቀ። ካቩታ ናት፤ ምዌንዴን አዝላለች። ሕፃኗ ፊቷ ቢዝልም ነቅታለች፤ እጇ ላይ መርፌው የነበረበት በጥጥ ታሽጓል። ካቩታ ግቢ ሳይሏት አልገባችም፣ ግቢም አላሏት። ሽርጧን አሁንም አላወለቀችም። ዛሬ ሥራ ጥላ በመውጣቷ አለቃዋ ነገ ካልመጣሽ ሌላ ሰው በር ላይ ቆሟል እንዳላት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወደ መሬት እያየች ተናገረች። የማዶውን ማዋያ ጠይቃ እንደነበር፣ የወሩን በቅድሚያ እንዳሏት፣ እሱንም አልደበቀችም። ሮዳ ያለችበትን ወገን አንዴም አልተመለከተችም። በመጨረሻ ናሊያካን አየቻት።

«ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አመጣታለሁ» አለች። «ለእሷ አይደለም የምሰጠው። ለአንቺ ነው። አንቺ ካለሽ ነው።»

ናሊያካ የነገውን አዳራሽ አሰበች፤ የተደረደሩትን ወንበሮች፣ ከጤና ጣቢያው የሚመጡትን እንግዶች፣ ስሟ ሲጠራ የማይነሳውን ሰው። ከጎኗ አክስቷ ኡጋሊውን በጣቷ እየደፈጠጠች፣ ሳትጎርስ፣ ጆሮዋን አቅንታ ትጠብቃለች።

«አለሁ» አለች ናሊያካ።

ካቩታ ራሷን ነቅንቃ፣ ልጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካክላ፣ በጨለማው መተላለፊያ ሄደች። ሮዳ የናሊያካን ሳህን አንስታ፣ የቀዘቀዘውን ኡጋሊ በራሷ ሳህን ላይ ገልብጣ፣ ከድስቱ ትኩሱን ቆርሳ አደረገችላት።

«አስራ ሁለት ሰዓት ካልሽ አስራ ሁለት ሰዓት ነው» አለች፣ አሁንም ፊቷን ሳታዞርላት። «እኔ አልቀሰቅስሽም።»